የወለላይት ዜማና የቀንደ ሰማይ ሽኮኮ

ደወሉ ተመታ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

የጭስ በዓል ሊከበር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የአርዶማ ሕዝብ ጎህ ሲቀድ በቤተ መንግሥቱ አደባባይ ተሰብስቦ፣ ደወል መቺው ትልቁን መዶሻ በሁለት እጁ አንሥቶ ናሱ ላይ ሲያሳርፍ ዐየ። ናሱ ሲንቀጠቀጥም ዐየ። የሰማ ግን አልነበረም። ደወል መቺው ግራ ተጋብቶ ደገመው፤ ሠለሰው፤ ከዚያም መዶሻውን ጥሎ በመዳፎቹ ጆሮዎቹን ያዘ። ከሕዝቡ መሐል አንዲት አሮጊት «ወየው ልጆቼ!» ብለው ሲጮኹ የእሳቸውን ድምፅ ሁሉም ሰማ። የደነቆረው ሕዝቡ አልነበረም፤ ዲዳ የሆነው ደወሉ ነበር።

«ዲዳው ከግንቡ ሥር ደርሷል» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ። የሰማው ሁሉ ልጁን ወደ ጉያው ሳበ።

ዲዳው ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ገደል ሥር፣ ፀሐይ ገብታበት ከማታውቀው ሸለቆ የሚነሣ ግራጫ ጉም ነው። ሽታ የለውም፤ ነፋስም አይገፋውም። የነካውን ሰው አስቀድሞ ድምፁን ይነጥቀዋል። ከዚያ ቅዝቃዜ ከእግር ጥፍሩ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልቡ ጋ ሲደርስ ነገሩ ያበቃል። ጉም ይበሉት እንጂ ሐሳብ የለውም ብሎ የሚያምን የአርዶማ ሰው አይገኝም። ጉም በር አይመርጥም፤ ዲዳው ግን ይመርጣል።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። ጥንት ወለላይት የምትባል ወፍ ነበረች፤ ከጭብጥ የማትበልጥ፣ ጉሮሮዋ የማር ወለላ የመሰለ። በየንጋቱ በገደሉ አፋፍ ስትዘምር ዲዳው ከሸለቆው ቀና አይልም ነበር። በአያቶች ዘመን ዘሯ ጠፋ። የቀረው በቤተ መንግሥቱ በር ላይ በወርቅ የተቀረጸው ምስሏና ከሥሩ የተጻፈው ትንቢት ነው፤ «ዲዳው ደወሉን በዋጠ ቀን፣ የወለላይትን ዜማ ሙሉውን ያመጣ መንግሥቱን ያድናል።» ላባዎቿም አሉ፤ ንጉሡና መኳንንቱ ዘውዳቸው ላይ ይሰኳቸዋል።

ማን አጠፋት ቢሉ፣ የአርዶማ ሕፃን ሁሉ መልሱን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል፤ ሽኮኮ። በዓለት ስንጥቅ ውስጥ የሚኖር፣ ጅራት የሌለው፣ ሰው ሲያይ ሮጦ ጉድጓዱ የሚገባ ያ ፈሪ እንስሳ እንቁላሏን እየበላ ዘሯን ፈጀው ይባላል። ስለዚህ በየዓመቱ በጭስ በዓል ሕዝቡ እርጥብ የወይራ ቅጠል እያጨሰ የሽኮኮ ጉድጓድ ያፍናል። በአርዶማ ሰውን «ሌባ» ቢሉት ይከስሳል፤ «ሽኮኮ» ቢሉት ግን ጎራዴ ይመዝዛል።

ደወሉ በተዋጠበት ሰዓት ዝማሜ ግንቡ ላይ ቆማ ትዘምር ነበር። ዝማሜ የንጉሡ ዜማ ቤት ልጅ ናት። የዜማ ቤቱ ሰዎች የወለላይትን ዜማ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉ ያቆዩ ናቸው፤ ከእነሱም መሐል የዝማሜን ያህል ድምፅ የተሰጠው አልነበረም። ልጅ ሳለች «ዜማው መጨረሻው ላይ ለምን ይንጠለጠላል?» ብላ መምህሯን ጠይቃ ነበር። መምህሯ አለቃ ቅኔያብ ሣቁና «ድሮ መጨረሻው ላይ እንደ ጉርምርምታ ያለ ነገር ነበረው ይባላል። ለንጉሥ ጆሮ አይመጥንም ብለው አባቶቻችን አስቀሩት» አሏት። እሷም ረሳችው።

በዚያ ንጋት ዝማሜ ስትዘምር ዲዳው አልሸሸም። ቆም ብሎ አዳመጠ፤ ከዚያም እየዘመረች ሳለ የግንቡን ድንጋይ አንድ በአንድ እየዋጠ ወጣ። መሰላሉን እየዘለለች ወረደችና ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ቤቷ ውስጥ ሐዋዝ ነበረችና።

ሐዋዝ ታናሽ እኅቷ ናት፤ እናትም አባትም ስለሌላቸው ልጇም ናት ማለት ይቻላል። ከታችኛው ምንጭ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ዲዳው ነክቷታል። ያቺ ምላሷ እሳት የነበረች ልጅ፣ እኅቷን ለማናደድ ጎረቤት እየሰማ «ሽኮኮ!» ብላ ተሳድባ የምትሮጥ ልጅ፣ አሁን አፏን ትከፍታለች፤ ምንም አይወጣም። ዝማሜ ብርድ ልብሱን ገልጣ እግሮቿን ዳሰሰች። ትናንት ቁርጭምጭሚቷ ጋ የነበረው ቅዝቃዜ ጉልበቷን አልፏል። ሐዋዝ ዓይኗን ከእኅቷ ፊት ላይ አላነሣችም። ዝማሜ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ፈርታ አታውቅም።

ንጉሥ ወርቀዘቦ በዚያው ቀን አስጠሯት። ከዙፋናቸው ተነሥተው እንዲህ አሉ፤ «ዝማሜ ሆይ! ጨው ነጋዴዎች በቀንደ ሰማይ ተራራ ጫፍ፣ በንጋት፣ የወለላይትን ድምፅ ሰማን ብለው በፊታችን ምለዋል። አንዲት ተርፋ እንደሆነ ዜማዋን የሚያውቅ ጆሮ ያለሽ አንቺ ነሽ። ሂጂና አምጫት። ለእሷ የወርቅ ቤት፣ ለአንቺም የማይሞት ስም እንሰጣለን፤ በዚህ ዘውድ እንምላለን!»

ዝማሜ ተንበረከከች። «ንጉሥ ሆይ፣ የእኔ መሐላ አጭር ነው። የእኅቴ ልብ ሳይቀዘቅዝ እመለሳለሁ። ባልመለስ ስሜን የትም አትጻፉት።»

ሁለት ሰዎች አብረዋት እንዲወጡ ታዘዙ። አንዱ ጎርፉ ነው፤ የበር ጠባቂዎች አለቃ፣ ግዙፍ፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ሰው። ሁለተኛው ደንገዞ ነው፤ ኑሮው ሽኮኮ እያጨሱ ቆዳውን መሸጥ ስለሆነ የተራራውን ስንጥቅ ሁሉ ያውቃል። ጎርፉ ያልተናገረውን ሁሉ ደንገዞ ይናገርለታል። የወይራ ቅጠል ጥቅሉን በጀርባው አዝሎ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ያላየናትን ወፍ ልናመጣ ሄድን እንግዲህ» እያለ ከበሩ ወጣ። ማንም አልሣቀለትም።

ወደ ቀንደ ሰማይ የሚወስደው መንገድ በዲዳው ውስጥ ያልፋል። ዲዳው እንዳይነካቸው እስከ ፊታቸው በሰም በተነከረ ጨርቅ ተሸፈኑ፤ በአንድ ረጅም ገመድም ወገባቸውን ታስረው ገቡ፤ ደንገዞ ከፊት፣ ዝማሜ ከመሐል፣ ጎርፉ ከኋላ። በጉሙ ውስጥ መነጋገር ስለማይቻል ምልክት ተስማምተዋል። ገመዱን ሦስት ጊዜ መሳብ «አለሁ» ማለት ነው።

ዝማሜ እግሯ ጠጠር ሲረግጥ ተሰማት፤ የጠጠሩ ድምፅ ግን የለም። ትንፋሿ የለም። ልቧ ደረቷን ሲመታ ይሰማታል፤ ጆሮዋ ግን ባዶ ነው። ዓለም ሁሉ ሞቶ እሷ ብቻ የቀረች መሰላት። ወደ ኋላ ሦስት ጊዜ ሳበች። ከኋላ ሦስት ጊዜ ተሳበላት፤ «አለሁ።» እፎይ አለች። ጥቂት ሄደው አንድ ከባድ ነገር ገመዱን በኃይል ስቦ ወደ ኋላ ጎተታት፤ ወዲያው ደግሞ ላላ። ደንግጣ ሳበች። ሦስት ጊዜ ተመለሰላት። መንገዱን ሁሉ እንዲህ እየሳበች፣ እየተመለሰላት፣ በዚያች ገመድ ብቻ እየተጽናናች ወጣች።

ሰማዩ መንጋት ሲጀምር ከጉሙ በላይ ብቅ አሉ። ዝማሜ ዞር ብላ «አያ ጎርፉ፣ እግዜር ይስጥህ» አለች። ከኋላዋ ሰው አልነበረም። ገመዱን ሳበችው፤ ጫፉ በቢላ ተቆርጦ፣ ረጥቦ፣ እየተጎተተ መጣ።

ደንገዞ ገመዱን ዐየ። «ታዲያ… እስካሁን ሲመልስልን የነበረው ማነው?» አለ።

ዝማሜ የተቆረጠውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። በዚያች ቅጽበት ነው ከላይ ድምፁ የመጣው።

ሦስት የሚወርዱ ድምፆች፣ ከዚያ አንድ ረጅም የሚወጣ፣ ከዚያ ርግብግብታው። አልተሳሳተችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የዘመረችው ነው። «እሷ ናት! ጋሼ ደንገዞ፣ እሷ ናት!» ዕንባዋ እየወረደ ቋጥኙን በእጅ በእግሯ ቧጥጣ ወጣች። ከጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ዓለት አለ። ዓለቱ ላይ አንድ ያረጀ ሽኮኮ ሆዱን ድንጋዩ ላይ አጣብቆ፣ አንገቱን ዘርግቶ ይዘምር ነበር። የፊት ጥርሱ አንዱ ተሰብሯል። ርግብግብታውን ሲጨርስ «ኩርር፣ ኩርር፣ ኽርር!» ብሎ እንደ ታመመ ሽማግሌ አጉረመረመ።

ዝማሜ ቆማ ቀረች። ተስፋዋ ሁሉ ወደ ቁጣ ተለወጠ። «ይሄ ነው? ጎርፉ የጠፋው ለዚህ ነው? ሐዋዝ የምትጠብቀው ይሄን ነው? እንቁላሏን በልቶ ሲያበቃ ዜማዋን ደግሞ ሰረቀ! አጭስበት፣ ጋሼ ደንገዞ! አፍነው!»

ደንገዞ የለመደው ሥራ ነው፤ ሁለቴ መታዘዝ አላስፈለገውም። ሽኮኮው ጮኾ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ጥቅሉን ለኩሶ በስንጥቁ አፍ ላይ ወተፈው። ነጩ ጭስ ወደ ውስጥ ተሳበ። ተራራው ጸጥ አለ።

ያን ጊዜ ዲዳው ቀና አለ። ከታች፣ ከሩቅ ተኝቶ የነበረው ጉም ሲጠብቀው የኖረ በር እንደተከፈተለት ዳገቱን ተያያዘው። አልተበተነም፤ ቀጥ ብሎ ወደ እነሱ መጣ። ዝማሜ «አጥፋው!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከቃሉ ግማሹ ብቻ ወጣ። ቅዝቃዜ ጣቶቿን ነከሳት። ደንገዞ ግን ገብቶታል፤ የሚጨሰውን ጥቅል በእርግጫ መትቶ ወደ ገደሉ ላከው።

ከስንጥቁ ውስጥ ሳል ተሰማ። አሮጌው ሽኮኮ ዓይኑ በጭስ እያለቀሰ ወጣ። ሁለት ሰዎች፣ ያፈኑት ሁለቱ ሰዎች፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመዋል። ጎኑ በፍርሃት ይርገበገባል። ቢሆንም እዚያው ዓለት ላይ ወጥቶ አንገቱን ዘረጋና ዘመረ። በውቡ ዜማ ጊዜ ዲዳው ቆም ብሎ አዳመጠ፣ ልክ ግንቡ ላይ እንዳዳመጣት። ጉርምርምታው ሲመጣ ግን እንደተመታ ውሻ ወደ ኋላ አለ። ከየስንጥቁ ሌሎች ሽኮኮዎች «ኩርር» እያሉ ተቀበሉት፤ ጉሙም እየተንከባለለ ወረደ። የዝማሜ ድምፅ ወደ ጉሮሮዋ ተመለሰ።

ተንበርክካ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ተመለከተች። በውስጠኛው ጥግ፣ ሽኮኮዎቹ ከሚተኙበት ሣር አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ጎጆ አለች። በውስጧ ስስ የወፍ አጥንትና አንዲት የማር ቀለም ላባ። ሽኮኮዎቹ ሲመላለሱ የፈጠሩት ዱካ ጎጆዋ ጋ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ አንዲት አጥንት እንኳ አልተረገጠችም።

«የሚበላ አውሬ አጥንት እንዲህ አድርጎ አያስቀምጥም» አለች።

ደንገዞ ራሱን በእጆቹ ይዞ ተቀመጠ። «ወለላይቶቹን አያቴ በሙጫ ነበር የሚይዛቸው» አለ ወደ መሬት እያየ። «ለመኳንንቱ ዘውድ። አባቴ ሲሞት ነግሮኛል። እኔ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። የሽኮኮ ቆዳ የሚገዛኝ ያው መኳንንት አይደል?»

ዝማሜ ሽኮኮውን ደግማ አየችው። በልቧ ከወርቁ ምስል ጋር አስተያየችው። ያቺ ክንፍ ነበራት፣ ውበት ነበራት፤ ስትዘምር የሚያስፈራት አልነበረም ይባላል። ይሄ ክንፍ የለው፣ መልክ የለው፣ ሁሉ ነገር ያስፈራዋል፤ እየፈራ ግን ይወጣል። ጓደኞቹ ጉድጓድ ውስጥ እንዲያድሩ እሱ ከሁሉ ውጪ ባለው ድንጋይ ላይ ይቆማል። ሙሉውን ዜማ የጠበቀው እሱ ነው፤ ዜማ ቤት ያፈረበትን ጉርምርምታ ሳይቀር። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይሉ የለ፤ አርዶማ የጠላችው ወርሷት ኖሯል።

ሲወርዱ ከዓለት ዓለት ዘብ የቆሙት ሽኮኮዎች እየተቀባበሉ ሸኟቸው፤ ዲዳውም ከመንገዱ ገለል አለላቸው። በአንድ ጠባብ ጠርዝ ሥር ጎርፉን አገኙት። ከወደቀበት ድንጋይ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ በውርጭ ነጥቷል። ቀኝ እጁ ቢላውን እንደጨበጠ ነው። ሲወድቅ ሁለቱን ይዟቸው እንዳይወርድ ገመዱን የቆረጠው ራሱ ነበር። ዝማሜ ዓይኑን ከደነችለት። የሚቀብሩበት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ይህም አንገበገባት።

ከተማይቱ ስትታይ ደንገዞ እሪ አለ። ከአርዶማ ገደል ሁሉ ነጭ ጭስ ይወጣል። ንጉሡ ፈርተው በዓሉን አስቀድመውታል፤ ሕዝቡም የሽኮኮ ጉድጓድ በሙሉ እያፈነ ነው። የሚያጉረመርም አንድም አልነበረም። ዲዳው የታችኛውን ግንብ ውጦ ወደ ቤቶቹ ተጠግቷል።

«እኔ ጭሱን!» ብሎ ደንገዞ ሮጠ። የሚነደውን ጥቅል ከየስንጥቁ በባዶ እጁ እየመዘዘ ይወረውር ጀመር። ሰዎች «አብዷል!» እያሉ ሊይዙት ቢሞክሩ «ልቀቁኝ! እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ፣ እኔው ላጥፋው!» አለ። የመዳፉ ቆዳ ተላጠ፤ እሱ አላቆመም።

ዝማሜ ግን ከተራራው ዐይታ ታውቃለች። ሽኮኮ ጭሱ ቢጠፋለትም ዘቡ ሳይጠራው አይመልስም። ዘቡ ደግሞ ከሁሉ ውጪ ነው የሚቆመው። ከበሩ ሥር፣ ከግንቡ ውጪ፣ ጉሙ ውስጥ ግማሹ የጠለቀ አንድ ዓለት አለ። እየፈራች ወደዚያ ወረደች፤ ወጣችበትም፤ ሆዷን አጣብቃ አንገቷን ዘረጋች።

ሦስቱን ወራጅ፣ ረጅሙን ወጪ፣ ርግብግብታውን ዘመረች። ዲዳው ዙሪያዋን ከብቦ አዳመጠ። ከወገቧ ያልፈታችው የገመድ ቁራጭ ጉሙ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ገመዱን ሳበው። ሦስት ጊዜ። «አለሁ።»

ጎርፉ እንዳልሆነ ታውቃለች። ዞራ እንድታይለት፣ ዜማውን እንድታቋርጥለት ነው። ጥርሷን ነክሳ አልዞረችም፤ አጉረመረመች። «ኩርር!» ግንቡ ላይ የቆሙት አለቃ ቅኔያብ በዕፍረት ፊታቸውን ሸፈኑ። «ኩርር!» በአጉረመረመች ቁጥር ድምፅዋ ከጉሮሮዋ እየተመዘዘ ሲሄድ ተሰማት፤ እየሰጠችው መሆኑን ዐወቀች፤ አላቆመችም። «ኽርር…» የመጨረሻዋ ከትንፋሽ አትበልጥም ነበር። ከዚያ በኋላ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ቅዝቃዜው ወገቧ ደርሶ ነበር።

ጸጥታ ሆነ። ከአንድ ስንጥቅ ሳል መጣ። ከሳሉ በኋላ ቀጭን፣ በጭስ የሻከረ «ኩርር» ተሰማ። ከሌላ ስንጥቅ ሌላ መለሰ። ከዚያ መላው የአርዶማ ገደል አጉረመረመ፤ ሕዝቡ ሲጠላው የኖረ ያ ሻካራ ድምፅ ድንጋዩን አናወጠው። ዲዳው ከቤቶቹ፣ ከግንቡ፣ ከዓለቱ ላይ ተገፍቶ ወደ ሸለቆው ወደቀ። ደወሉ ማንም ሳይነካው ጮኸ፤ ዲዳው ቀድሞ የዋጠበትን ድምፅ ሁሉ ባንድ ጊዜ እንደመለሰለት።

ዲዳው የነጠቀውን ሁሉ መለሰ። ዝማሜ በፈቃዷ የሰጠችውን ግን አልመለሰም።

ንጉሥ ወርቀዘቦ ከበሩ ወርደው ዘውዳቸውን አነሡ፤ የወርቅ ቤት ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ዝማሜ እጅ ነሥታ አለፈቻቸው። ደንገዞ የተቃጠሉ እጆቹን አቅፎ «ቆይተው ይናገሩ፣ ንጉሥ ሆይ። አሁን የቸኮለችበት አለ» አላቸው፤ ንጉሡም ከመንገድ ገለል አሉ።

ቤቱ ውስጥ ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበር። ዝማሜ እያነከሰች ገባች፤ ፊቷ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ቋጥኝ ስትቧጥጥ አንድ የፊት ጥርሷ ተሰብሯል። ሐዋዝ ብርድ ልብሷን ገልጣ ተቀምጣ ነበር። እኅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ያ የጠፋው ድምፅ፣ ጎርነን ብሎ፣ ወጣ።

«እትዬ… ሽኮኮ መስለሻል እኮ።»

ጎረቤቶቹ ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። ዝማሜ ግን ደረቷ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀች፣ ድምፅ የሌለው ሣቅ፣ ዕንባዋ በጥላሸቱ ላይ እየወረደ። ከዚያም አፍንጫዋን ሸብሽባ፣ የተሰበረ ጥርሷን አሳይታ፣ የእኅቷን እግሮች በሁለት እጇ ያዘች። ሞቀው ነበር።